የአንድ ቀን ጂም በስንት ብር? በባሕር ዳር ያወጣሁት ሂሳብ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ በጣና ዳርቻ ከሚገኙት ሆቴሎች በአንዱ ውስጥ ላለ ጂም የሦስት ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፈልኩ። ለሦስቱ ወር 5,400 ብር፣ ለምዝገባ 500 ብር፣ በድምሩ 5,900 ብር ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ የሄድኩባቸውን ቀናት ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ወር ዘጠኝ፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው አንድ፤ በጠቅላላው 14 ቀን። 5,900ን ለ14 ሳካፍለው አንዱ ቀን 421 ብር ሆነ። ለባጃጅ ያወጣሁት 2,100 ብር ሲጨመርበት ጠቅላላ ወጪዬ 8,000 ብር፣ የአንዱ ቀን ዋጋ ደግሞ 571 ብር ደረሰ።

የመሥሪያ ቤቴን ሂሳብ በየወሩ ከባንክ መግለጫ ጋር የማስታርቅ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያ ቁጥር በጣም አሳዘነኝ። ይህን የምጽፈው በከተማችን ጂም ለመጀመር አስባችሁ ዋጋ በማጠያየቅ ላይ ላላችሁ፣ በተለይም ሥራና ልጅ ደርበው ለያዙ እናቶች ነው። እኔ በ8,000 ብር የገዛሁትን ትምህርት እናንተ ሳትከፍሉ ብትወስዱት ደስ ይለኛል።

ወደ ጂም የሄድኩት የጤና ጉዳይ አስገድዶኝ ነው። በመስከረም ወር ለሌላ ሕመም ሐኪም ቤት ሄጄ በባዶ ሆድ የተለካው የደሜ የስኳር መጠን 118 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ፤ ከ100 በታች ጤነኛ፣ ከ100 እስከ 125 የቅድመ ስኳር ደረጃ፣ በድጋሚ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ። እናቴ በዚሁ በሽታ ለብዙ ዓመታት ስትቸገር አይቻለሁና ነገሩን እንደ ዋዛ አላለፍኩትም። ሐኪሟ ያዘዘችልኝ መድኃኒት አልነበረም። የምበላውን እንዳስተካክል፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሼን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንዳደርግ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንድሠራ ነገረችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረውም ይህንኑ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 150 ደቂቃና ሁለት ቀን የሚሉትን፣ ያዙልኝ። በኋላ ሂሳቡ ውስጥ ይመጣሉ።

ያን ጊዜ ግን አልሰላሁባቸውም። ከሆቴሉ ግቢ ሐይቁ ይታያል፤ ደንገሉ ነፋስ ሲነካው፣ ታንኳ ሲያልፍ፣ አሞራዎቹ ውኃው ላይ ሲወርዱ ማየት ልብን ያረካል። የእንግዳ ተቀባይዋ አነጋገርም ያማረ ነበር። «ለአንድ ወር 2,200 ብር ነው፣ እትዬ። የሦስት ወር በአንዴ ከከፈሉ ግን በወር 1,800 ይደርስልዎታል፤ 1,200 ብር ያተርፋሉ» አለችኝ። አልዋሸችኝም፤ ስሌቱ ልክ ነው። ትርፉ የሚገኘው ግን ሦስቱንም ወር ከሄድኩ ብቻ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በሦስት ወር 39 ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ አንዱ ቀን 151 ብር ብቻ በወጣኝ ነበር። የሚታየኝ ያ 39 ቀን የምትሄደዋ ሴት ነበረች፤ ብሩን የከፈልኩትም በእሷ ስም ነው።

ለምን እንዳልሄድኩ በግልጽ ልናገር፤ ምክንያቶቼ የብዙዎቻችሁም ናቸውና። ቤቴ አባይ ማዶ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ከተማው መሐል። ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ወደ ጂሙ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ቀይሬ 30 ብር፣ ስመለስ ስለሚመሽ በኮንትራት 120 ብር እከፍላለሁ። ኤሮቢክሱ 11 ሰዓት ከ45 ላይ ይጀምራል፤ ልብሴን ቀይሬ ስገባ ሰውነት ማሟሟቂያው አልቆ አገኘዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ የእንግዳ ክፍሎቹንና ኩሽናውን ያበራል እንጂ መሮጫ ማሽኖቹን አያንቀሳቅስም። በኅዳር ወር ልጄ ወባ ይዟት ሁለት ሳምንት ከአጠገቧ አልራቅኩም። በኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ገባ። ባጃጅ የማይሠራባቸው፣ ሰው በጊዜ ቤቱ የሚገባባቸው ቀናትም ነበሩ፤ የባሕር ዳር ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ከእነዚህ ውስጥ ድንገተኛ ሊባል የሚችለው የልጄ ሕመም ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ከመክፈሌ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ብቀመጥ አውቀው ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሄጄ የቀረውን ጊዜ እንዲያቆዩልኝ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ ቁጭ አድርጎ ካስተናገደኝ በኋላ ከደረሰኙ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመውን አሳየኝ። የተከፈለ አይመለስም፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይራዘምም ይላል። ስከፍል ጀርባውን አላየሁትም ነበር። ደንቡ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ የታመመባትን እናት ሁለት ሳምንት እንኳ ማቆየት አለመቻል ግን ትክክል ነው ብዬ ዛሬም አላምንም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች አምስት ቦታዎችን ዞሬ አየሁ። የሥራ ባልደረባዬ አብራኝ ነበረች። እሷ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ዋና ልታስለምዳቸው ትፈልጋለች። ፍላጎታችን መለያየቱ በጣም ጠቀመን፤ ለአንዷ ውድ የሆነው ቦታ ለሌላዋ ርካሽ ሊሆን እንደሚችል በዓይናችን አየን። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዋጋዎች በዚያን ጊዜ ለእኛ የተነገሩን ናቸው። ዋጋ ይለወጣል፤ የአሰላሉ መንገድ ግን ያው ነው።

የመጀመሪያው የመዋኛ ገንዳ፣ ሳውናና ስቲም ያለው ትልቅ ሆቴል ነበር። በር ላይ የተለጠፈው ዋጋ በወር 4,000 ብር ይላል። «ታክስን ጨምሮ ነው?» ብዬ ስጠይቅ አልጨመረም። መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ታክሎ 4,400 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል፤ የሚከፈለው 5,060 ብር ነው። የተለጠፈውና የሚከፈለው በ1,060 ብር ይለያያሉ። ሆቴል ውስጥ ያለ ጂም ዋጋ ሲነገራችሁ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ ከሌላው ጋር አታወዳድሩት፤ የሰፈር ጂሞች የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ዋጋ ነውና።

ለእኔ 5,060 ብር ከአቅሜ በላይ ነው። ለባልደረባዬ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። አባል ከሆነች ሁለቱ ልጆቿ ገንዳውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቀማሉ። አባል ሳትሆን በቀን ለመግባት ለእሷ 400፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 250፣ በአጠቃላይ 900 ብር ነው። ቅዳሜና እሑድን ሁለቱንም ቀን ብትሄድ በወር ስምንት ቀን፣ 7,200 ብር ማለት ነው። እሑድን ብቻ ከሆነ 3,600 ብር ነው፤ አባልነቱ አያዋጣትም። እሷ ሁለቱንም ቀን እንደምትሄድ እርግጠኛ ስለነበረች ተመዘገበች፤ እስከ ዛሬም ትሄዳለች። ውድ ነው ብዬ ብመክራት ኖሮ አሳስታት ነበር።

ሁለተኛው ሊከፈት የተቃረበ አዲስ ጂም ነበር። የዓመቱን ቀድሞ ለከፈለ በግማሽ ዋጋ ይላል። አዳራሹ ተቀብቷል፣ መስታወቱ ተሰቅሏል፣ ማሽኖቹ ግን አልገቡም። ማሽን ላልገባበት ቤት የዓመት ክፍያ እንዳትከፍሉ፤ ሌላ የምለው የለም።

ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች በአንዱ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ተማሪ የሚበዛበት ጂም ነው። በወር 700 ብር፤ ካየናቸው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ጠዋት ስናየው ባዶና ንጹሕ ነበር። ደግነቱ አንዲት እዚያ የምትሠራ ልጅ «እትዬ፣ እርስዎ የሚመጡት በስንት ሰዓት ነው? በዚያው ሰዓት መጥተው ይዩት» ብላ መከረችን። ከዚህ ሁሉ ዙረት ካገኘኋቸው ምክሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሰኞ ከሥራ መልስ 12 ሰዓት ላይ ብቅ ስል እግር መጣያ የለም፤ አንድ ማሽን ላይ አራት አምስት ወጣት ተሰልፏል። ካሉት ሁለት መሮጫ ማሽኖች አንዱ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የአንድ ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው፤ ይህ ጊዜ ልጄን የማስጠናበት ጊዜ ነው።

አራተኛው ለሴቶች ብቻ የሆነ የኤሮቢክስ አዳራሽ ነው። አከፋፈሉ ከሌሎቹ ይለያል፤ የወር ክፍያ የለውም። የ12 ጊዜ ካርድ በ1,300 ብር ይሸጣል፤ ካርዱ ለ60 ቀን ይሠራል። በመጣሽ ቁጥር አንድ ቦታ ይበሳልሻል፤ ያልመጣሽበት ቀን ከካርዱ አይቀነስም። ለአንድ ቀን 108 ብር ይደርሳል። ልጅ ለታመመባት፣ ለመስክ ሥራ ለምትወጣ፣ ቀኗ በእጇ ላልሆነ ሴት ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላየሁም። ሌሎቹም ጂሞች ቢጀምሩት እመኛለሁ።

አምስተኛው ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቅ፣ እዚያው አባይ ማዶ፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሰፈር ጂም ነው። በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ፤ ቀና ብዬ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። በወር 1,100 ብር፣ ምዝገባ 200 ብር፣ ለአንድ ቀን ብቻ ለሚገባ 120 ብር ነው። ሳውና የለውም፣ ሐይቅም አይታይበትም። ሁለት መሮጫ ማሽን፣ ሦስት ብስክሌት፣ ብዙ ብረት፣ አንድ ሰፊ ምንጣፍ አለው።

እንግዲህ ሂሳቡ። በአንዱ ቀን የሚወጣውን ለማወቅ የወር ክፍያውን፣ የምዝገባውን የወር ድርሻና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ደምሬ በእውነት በምሄድባቸው ቀናት አካፈልኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ከተሄደ በወር 13 ቀን ገደማ ይሆናል።

የተማሪዎቹ ጂም ምዝገባ የለውም። 700 ብር ለ13 ሲካፈል 54 ብር ነው። ደርሶ መልስ ባጃጅ 30 ብር ሲጨመር 84 ብር። የሰፈሬ ጂም የምዝገባው 200 ብር ለ12 ወር ተከፋፍሎ 17 ብር በየወሩ ሲታከልበት 1,117 ብር ይሆናል፤ ለ13 ሲካፈል 86 ብር። ባጃጅ አያስፈልገውም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስጽፋቸው ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። በ400 ብር ይራራቁ የነበሩት ሁለት ጂሞች የሁለት ብር ልዩነት ብቻ ቀራቸው። ባጃጁ በወር 390 ብር እየበላ ርካሹን ከውዱ ጋር እኩል አድርጎታል። በዚያ ላይ በመንገድና በሰልፍ የሚጠፋው ጊዜ አለ፤ እሱን በብር አልተመንኩትም።

የሴቶቹ አዳራሽ ከባጃጁ ጋር በቀን 138 ብር ይመጣል። በወር 13 ቀን ለምትሄድ ውድ ነው። በወር ስድስት ቀን ብቻ ብሄድስ? የሰፈሬ ጂም የወር ክፍያ ለስድስት ሲካፈል በቀን 186 ብር ይሆናል፤ ካርዱ ግን ያው 138 ላይ ይቆማል። ሁለቱ የሚገናኙት ስምንት ቀን ላይ ነው። የቀን ክፍያውን ካያችሁት ደግሞ ዘጠኝ ቀን በ120 ብር 1,080 ነው፣ አሥር ቀን 1,200። ስለዚህ በወር ከአሥር ቀን በታች የምትሄድ ሰው የሰፈሬን ጂም በየቀኑ እየከፈለች ብትጠቀም ይሻላታል፤ ከአሥር ቀን ጀምሮ የወሩ ያዋጣታል። የየጂሙ ቁጥር ይለያያል እንጂ ይህ መገናኛ ነጥብ በሁሉም ዘንድ አለ። የወሩን ዋጋ በአንድ ቀን ዋጋ አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር በወር ስንት ቀን ከሄዳችሁ እንደሚያዋጣችሁ ይነግራችኋል።

ግን በወር ስንት ቀን እንደምሄድ በምን አውቃለሁ? ጥቅምት ላይ 13 ብዬ ነበር፤ አልሆነም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ እየከፈልኩ ለመሄድ ወሰንኩ። ከየካቲት 10 ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ 11 ቀን ሄድኩ፤ 1,320 ብር አወጣሁ። የወሩን ብከፍል ኖሮ 220 ብር ይቀርልኝ ነበር። ያ 220 ብር ግን ስለራሴ ትክክለኛውን ቁጥር አሳወቀኝ። ጾም ውስጥ፣ ሥራ በሚበዛበት ወር፣ ሳልታመምም ሳልበረታም የምሄደው 11 ቀን ነው። ማንኛዋም ጀማሪ የመጀመሪያ ወሯን በዚህ መንገድ እንድታሳልፍ እለምናለሁ። የሦስት ወሩ ቅናሽ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ወርም እዚያው ይጠብቃችኋል።

ለረጅም ጊዜ ቀድሞ መክፈል ምንም ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የሰፈሬ ጂም ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። ስለ ዋጋ ጭማሪ ስጠይቃቸው አንዱን መሮጫ ማሽን እየነካኩ «ልጄ፣ ይህ ቀበቶ ከውጭ ነው የሚመጣው» አሉኝ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለመለዋወጫ የሚያወጡት እንደ ድሮው እንዳልሆነ በዝርዝር አስረዱኝ። ዋጋ ሊጨምር ሲል የሦስት ወር የከፈለ ሰው በአሮጌው ዋጋ ይቆያል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ የሚሠራው ግን ልማዱን አስቀድሞ ለገነባ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሐኪሟ ሁለት ቁጥሮች ልመለስ። 150ው ደቂቃ ጂም አይፈልግም። ከተማችን ሜዳ ናት፤ በአገራችን እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት የሚመች ከተማ ጥቂት ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛ መንገድም አለው። ከቤቴ ተነስቼ ድልድዩን ሁለት ጊዜ በፈጣን እርምጃ ደርሼ ስመለስ 40 ደቂቃ ይሞላል። ዳገት ያማረኝ ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ወደ በዛዊት ኮረብታ እንወጣለን፤ ከላይ ሆኖ አባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ማየት የየትኛውም ሆቴል ጂም መስኮት የማይሰጠው ነገር ነው። በሐይቁ ዳርቻ ባለው የእግረኛ መንገድም መሄድ ይቻላል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት የወባ ወራት ግን ሲመሽ ከውኃው ዳር ባትቆዩ፣ ከቆያችሁም እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ብትለብሱ መልካም ነው። የልጄን ሕመም ካየሁ በኋላ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ለእርምጃና ለሩጫ ብቻ ብላችሁ የጂም ክፍያ የምትከፍሉ ከሆነ እንግዲህ ቆም ብላችሁ አስቡ። እኔ የምከፍለው ለብረቱና ለአሰልጣኙ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ልተካው ያልቻልኩት እሱን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለብረት ብሄድ በወር ዘጠኝ ቀን ገደማ ይሆናል፤ የቀን ክፍያው ይሻለኛል። ሦስተኛ ቀን ስለምጨምር ነው የወሩን የመረጥኩት።

ስለ አሰልጣኝ ትንሽ ልበል። በመጀመሪያው ጂም ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጤናዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የግል አሰልጣኝ ከፈለግሁ ከአባልነቱ ውጭ ሌላ ክፍያ እንዳለው ብቻ ተነገረኝ። በሰፈሬ ጂም የሚሠራው ወጣት ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ የተማረ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብረት ከመስጠቱ በፊት ስለ ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ወገብና ጉልበት ሕመም ጠይቆ መዝገብ ላይ ጻፈ። ጾም ላይ መሆኔን ስነግረው «በባዶ ሆድ አይምጡ፣ እትዬ፤ በ9 ሰዓት ከቀመሱ በኋላ ማታ ይሻልዎታል» አለኝ። ሐኪሜም ያለችው ይህንኑ ነበር። ለዚህ ተጨማሪ ብር አልተጠየቅሁም። አሰልጣኙ በክፍያው ውስጥ የተካተተ መሆኑንና ለስንት ሰው አንድ አሰልጣኝ እንዳለ ጠይቁ፤ በእኔ ግምት ከማሽኖቹ ብዛት ይልቅ የወሩን ክፍያ ዋጋ የሚሰጠው ይህ ነው። በሐምሌ ወር በባዶ ሆድ ስለካ ስኳሬ 104 ሆኖ ነበር። የምግቤን መለወጥም አልረሳም፤ ሁለቱ አብረው የሠሩት ነው።

ለሴቶች ልዩ ቃል አለኝ። ከመክፈላችሁ በፊት የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ግቡና እዩት፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ሻወሩን ክፈቱት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጣሪያ ላይ ሮቶ መኖሩን ጠይቁ። ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ ሻወሩ ባይኖርም ችግር የለም፤ ከሥራ በፊት ጠዋት የምትገቡ ከሆነ ግን ያለ ሻወር ጂሙ ለእናንተ የለም ማለት ነው። ስትወጡ መንገዱ መብራት እንዳለውም በምሽት አይታችሁ አረጋግጡ። ለእኔ የአሥር ደቂቃው መንገድ ሱቆቹ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ስለሆኑ አያስፈራም፤ ኮንትራት ባጃጅ ያስቀረልኝም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ውሉ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔም በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም። በመጋቢት 15 የወር ክፍያ ልጀምር ስል ለባለቤቱ «ጋሼ፣ ልጅ ሊታመምብኝ ይችላል፣ መንገድም ሊዘጋ ይችላል፤ አስቀድሜ ካሳወቅኩ ቀኑን ያቆዩልኛል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ከአንድ ሳምንት በላይ ከሆነና ቀድመሽ ከነገርሽኝ አቆይልሻለሁ፤ ለአንድ ሁለት ቀን ግን አይሆንም» አሉ። ተገቢ መልስ ነው፤ እሳቸውም የቤት ኪራይ አለባቸው። ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእጃቸው እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ፤ ጽፈው ፈረሙበት። ክፍያውን በቴሌብር ስለፈጸምኩ ቀኑ ስልኬም ላይ አለ። ደረሰኝ የማይሰጥ ቦታ ብትከፍሉ ወሩ መቼ ጀምሮ መቼ እንዳለቀ የምትከራከሩበት ነገር አይኖራችሁም።

ያን ጽሑፍ ለመጠቀም ብዙ አልቆየሁም። ሰሙነ ሕማማት ሚያዝያ 6 ሲገባ ከወሩ 21 ቀን ተጠቅሜ ዘጠኝ ቀን ይቀረኝ ነበር። ባለቤቱን አሳውቄ አቆምኩ። ስግደቱ፣ ፋሲካውና የዘመድ ጥየቃው አልፎ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 20 ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደረሰኙን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። አሰልጣኙ መዝገቡን ገልጦ ከስሜ ትይዩ «ቀሪ 9 ቀን» የሚለውን አሳየኝና ብረቱን ካቆምንበት ክብደት በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ።